የጨረር ሕክምና መሀል ላይ ሲቋረጥ ምን ይደረጋል? ጥያቄዬና የተሰጡት 24 መልሶች

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ በርክተው ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ጫፋቸው ስለጠፋ፣ ጥያቄዬን ከላይ አስቀምጬ መላሾቹ ያሉትን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ጽፌአለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም ለይቻለሁ።

የመነሻው ጥያቄ፦ ታላቅ እኅቴ 47 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ደረጃ 2ቢ እንደሆነ ከተነገራት በኋላ 25 ጊዜ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር፣ ከእሱ ጋር በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ፣ በመጨረሻም 3 ጊዜ የውስጥ ጨረር (የጨረሩ ምንጭ ራሱ ካንሰሩ ያለበት ቦታ ገብቶ የሚሰጥ) ታዘዘላት። ልጆቿን ደብረ ማርቆስ ከአባታቸው ጋር ትታ አዲስ አበባ እኔ ቤት ተቀመጠች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየወሰድኩ የማሳክማት እኔ ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ሁሉንም በደብተር እመዘግባለሁ። ባለፈው ሐሙስ 14ኛውን ወሰደች። ዓርብ ጠዋት ስንደርስ ማሽኑ ተበላሽቶ አገልግሎት መቋረጡን የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘን። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አራት የሥራ ቀን አለፈ። መለዋወጫው ከውጭ አገር እንደሚመጣ፣ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ሊወስድ እንደሚችል፣ የቀሩት 11ዱ ግን ከቆሙበት ስለሚቀጥሉ የሚጎድልባት ነገር እንደሌለ ተነገረን። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ ሠራተኞቹ ከእኛ ባልተናነሰ ተጨንቀው አይቻቸዋለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በእርግጥ የሚጎድል ነገር የለም ወይ? ወደ ሌላ ሆስፒታል ብንዛወርስ፣ የማሽኑ ዓይነት ሌላ መሆኑ ጉዳት አለው ወይ? ሆዷና ዳሌዋ ላይ የተሰመረው ወይን ጠጅ መስመር እንዳይጠፋ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ እየዘለለች ነው የምትታጠበው፤ መስመሩ ግን በየቀኑ እየደበዘዘ ነው።

1ኛ መልስ፦ የጻፉልኝ ልጃቸውን በዚሁ በሽታ ያሳከሙ እናት ናቸው። ምሕረቱን ተመኙልን፤ ከዚያም የደበዘዘውን መስመር በራሴ እጅ እንዳላደምቀው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። መስመሩ በትንሹም ቢዛነፍ ጨረሩ አብሮት ስለሚዛነፍ፣ የሚያድሰው የሰመረው ባለሙያ ብቻ ነው። ያን ማታ እስክሪብቶ ፍለጋ ላይ ነበርኩና በሰዓቱ ደረሱልኝ።

2ኛ መልስ፦ በጨረር ሕክምና ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራ ቴክኖሎጂስት ነው፤ የዚህ ክር ምሰሶ የእሱ መልስ ይመስለኛል። ሌላውን ሁሉ ትቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ከመጀመሪያው ጨረር ዕለት እስከ ዛሬ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ ስንት ቀን ሆነ? እኔ ስቆጥር የነበረው የተሰጡትን ጊዜያት ነው፤ 14 ከ25። ቀኑን ስቆጥር 24 ሆነ። ለማህፀን በር ካንሰር ሁሉም ነገር፣ የውስጡ ጨረር ጭምር፣ በ56 ቀን ማለትም በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ እንዳለበት ነገረኝ። ምክንያቱንም አብራራ። ጨረር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሰጠው ጤነኛው ሴል በመሀሉ ራሱን እንዲጠግን ነው። ይሁን እንጂ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ከሞት የተረፉት የካንሰር ሴሎች ከበፊቱ ፈጥነው መራባት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ እረፍቱ የሚጠቅመው ጤነኛውን ብቻ አይደለም። 11ዱ ወደፊት ተገፍተው ቢሰጡ መጠኑ በወረቀት ላይ ይሞላል፣ በሰውነቷ ውስጥ ግን አይሞላም።

ደብተሬን ከፍቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ማሽኑ እንደተባለው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በ43ኛው ቀን ቢነሣ፣ 11ዱ የሚያልቁት በ57ኛው ቀን ነው። የውስጡ ጨረር በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሰጥ ሦስተኛው በ78ኛው ቀን ላይ ይወድቃል። ይህን ካየሁ በኋላ እስኪነጋ አልተኛሁም።

3ኛ መልስ፦ ጀርመን አገር የሚኖሩ አባት ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው በ20 ጊዜ ጨረር ብቻ መታከሙን፣ ቀድሞ ግን ለዚሁ በሽታ 37 ጊዜ ይሰጥ እንደነበር ገልጸው፣ የእኅቴም 11 ጊዜ በአምስት ወይም በስድስት ትልልቅ መጠን ተጠቃልሎ እንዲሰጣት እንድጠይቅ መከሩኝ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው፤ አራተኛው መላሽ ግን ወዲያው አረመው።

4ኛ መልስ፦ የሕክምና ፊዚሲስት፣ ማለትም የጨረሩን መጠን የምታሰላ ባለሙያ ነች፤ አባትየውን በአክብሮት ነው ያረመቻቸው። ስለ ፕሮስቴት የተናገሩት ትክክል እንደሆነ መሰከረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዙ ቺፕ ጥናት ከ3,200 በላይ ወንዶችን አሳትፎ፣ በ20 ጊዜ የሚሰጥ 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ37 ጊዜ ከሚሰጥ 74 ግሬይ እንደማያንስ አሳይቷል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት እንደ ቅደም ተከተሉ 90.6 እና 88.3 በመቶ ናቸው። ለጡት ካንሰርም እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ፋስት ፎርዋርድ ጥናት በአንድ ሳምንት፣ በ5 ጊዜ የሚሰጥ 26 ግሬይ በሦስት ሳምንት ከሚሰጠው 15 ጊዜ እንደማያንስ አረጋግጧል። በጥናቱ 4,096 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ጡት ላይ በሽታው የተመለሰባቸው ከ15 ጊዜዎቹ 2.1፣ ከ5 ጊዜዎቹ 1.4 በመቶ ነበሩ። ማህፀን በር ግን ሌላ ነው። በዙሪያው ያለው አንጀትና ፊኛ ትልቅ መጠን በአንድ ጊዜ ሲያርፍበት የሚጎዳው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ለጡት የተረጋገጠውን ለማህፀን በር በግምት መውሰድ አይቻልም። በዚያ ፈንታ የእንግሊዝ የራዲዮሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ መመሪያ ያስቀመጠውን መንገድ ነገረችኝ፦ የጎደለውን ቅዳሜ መስጠት፣ ወይም ቢያንስ የ6 ሰዓት ልዩነት ጠብቆ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መስጠት። በዚሁ መመሪያ የማህፀን በር ካንሰር ከሁለት ቀን በላይ እንዲጓተት ከማይፈቀድላቸው ሕመሞች መካከል ተመድቧል።

5ኛ መልስ፦ ውይይቱ የተካረረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት፣ አንተ እያለ፣ ኮባልት (ከራዲዮአክቲቭ ምንጭ ጨረር የሚሰጠው አሮጌው የማሽን ዓይነት) በሠለጠነው ዓለም ሙዚየም የገባ ማሽን እንደሆነ፣ በእሱ ላይ ሰው ማስተኛት ወንጀል እንደሆነ፣ ገንዘብ ለምኜም ቢሆን እኅቴን ሕንድ መውሰድ እንዳለብኝ፣ ካልወሰድኳት ኃላፊነቱ የእኔ እንደሚሆን ጻፈ። የተበላሸው ማሽን ኮባልት መሆኑን እኔ አልጻፍኩም ነበር፤ እሱ ገምቶ ነው።

6ኛ መልስ፦ ቴክኖሎጂስቱ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ትሕትናው ቀንሷል። የማያውቁትን ማሽን መስደብ በየቀኑ እዚያው ላይ የሚተኙትን በሽተኞች ማስበርገግ እንደሆነ ተናግሮ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባ። የኮባልት 60 ምንጭ በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሣ ምንጩ ሳይቀየር ከቆየ በፊት በሁለት ደቂቃ ይሰጥ የነበረው መጠን አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል። የጨረሩ ጠርዝ እንደ ሊኒያር አክስለሬተሩ (በመብራት ኃይል ጨረር እንደሚያመነጨው አዲሱ ማሽን) የጠራ አይደለም፤ ወደ ጥልቁ የዳሌ ክፍል ለመድረስም ቆዳውን የበለጠ ያስከፍላል። እነዚህን ጉድለቶች አልደበቀም። ግን ግሬይ ያው ግሬይ ነው፤ ካንሰሩ የሚሞተው በደረሰው መጠን እንጂ በማሽኑ ዕድሜ አይደለም። አዲሱ ማሽን ደግሞ የማይቆራረጥ መብራት፣ የማቀዝቀዣ ውኃና ቅርብ የሆነ መሐንዲስ ይፈልጋል። ከአሥር ቀን አምስቱን የቆመ አዲስ ማሽን በየቀኑ ከሚሠራ አሮጌ ማሽን እንደማይሻል በቁጣ ጻፈ፤ ቁጣው ቢሻክረኝም ነገሩ ትክክል ይመስለኛል።

7ኛ መልስ፦ ፊዚሲስቷ ሁለቱንም አለዘበች፤ ወጣቱ የጠቀሳትን ሕንድን ራሷን ምስክር አድርጋ። በሙምባይ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ፓርሰር ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር የታዘዘላቸውን 300 የማህፀን በር ካንሰር ታማሚዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ መጠኑ እንደ አካሉ ቅርጽ የሚቀረጽና በየዕለቱ በምስል የሚመራ ጨረር፣ ለግማሾቹ የተለመደውን ሰጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ መካከለኛና ከባድ የአንጀት ጉዳት የታየባቸው በአዲሱ ዘዴ 21.1፣ በተለመደው 42.4 በመቶ ናቸው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ዕድሜ ልክ ከመጸዳጃ ቤት ጋር የተያያዘ ኑሮና ደህና ኑሮ የሚለዩበት ነው። በሽታውን በመቆጣጠር ረገድ ግን ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ዘመናዊው ዘዴ ጉዳት ይቀንሳል፤ የጠፋ ቀን አይመልስም። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ስለ ማሽን ዓይነት መጨነቄን አቆምኩ።

8ኛ መልስ፦ ሜሪላንድ ያለች የካንሰር ነርስ ውይይቱን ወደ ውስጥ ጨረሩ መለሰችው። ብዙ ቤተሰብ ከውጭ የሚሰጠው ሲያልቅ ሕክምናው ያለቀ እንደሚመስለውና የውስጡን እንደ ትርፍ ነገር እንደሚያየው ታዝባለች። አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር የውስጥ ጨረር የሚሰጣቸው የዚህ በሽታ ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ከነበሩበት 83 በመቶ በ2009 ወደ 58 በመቶ ወርደው ነበር። ይህን ያጠኑት ሐኪሞች ተመሳሳይ ታማሚዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በካንሰሩ ሳይሞቱ የቆዩት የውስጥ ጨረር ከወሰዱት 64.3፣ ካልወሰዱት 51.5 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። በባለጸጋ አገር፣ ከዘመናዊ ማሽን ጋር፣ ያንን አንድ እርምጃ መዝለል ይህን ያህል ያስከፍላል። ስለዚህ ወደምዛወርበት ሆስፒታል ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው የውስጥ ጨረሩን እዚያው ይሰጡ እንደሆነ መሆን እንዳለበት ነገረችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ይህንኑ አደረግኩ። ሐኪሟ ስለ 56 ቀኑ ስጠይቀው አልተቆጣም፤ እንዲያውም የሪፈር ወረቀቱን ያን ዕለት ጻፈልኝ። የወሰደችው መጠን ከነቀናቱ፣ የመስኩ ስፋት፣ የሲቲ ምስሉ በሲዲ አብሮ ተሰጠኝ። እነዚህን ሳይዝ የሚዛወር ሰው አዲሱ ሆስፒታል እንደ አዲስ እንዲጀምር ያስገድደዋል፤ ቀድሞ የተሰጠውን የማያውቅ ሐኪም የቀረውን ማስላት አይችልም።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ መልስ፦ ጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብሏል። አንዲት እናት ጨረር የወሰደ ሰው ሕፃን ቢያቅፍ ይጎዳው እንደሆነ ጠየቁ። ከውጭ ጨረር የወሰደ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በላዩ ላይ ምንም ጨረር እንደማይቀር፣ የውስጡም ምንጭ ሥራውን ጨርሶ ወደ ማሽኑ እንደሚመለስ መለሱላቸው። ሌላው ለእንቅርት ካንሰር አዮዲን የዋጠች እኅቱ ለቀናት ከልጆቿ እንድትርቅ መታዘዟን ጠቅሶ ተከራከረ። እሱም ልክ ነው፤ ያ ሌላ ዓይነት ሕክምና ነው፣ መድኃኒቱ ራሱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። የእኅቴ ጎረቤት ልጇን ከእሷ ደብቃባት ስለነበር ይህን ክፍል አትሜ ሰጠኋት።

13ኛ መልስ፦ ጎንደር ያለ ዲያቆን፣ ማሽኑ እስኪጠገን ያለውን ጊዜ እኅቴ በጠበል እንድታሳልፈው መከረ።

14ኛ መልስ፦ ወጣቱ ተመልሶ መጥቶ ዲያቆኑን ዘለፈው። የዘለፈበትን ቃል አልደግመውም፤ የክሩ አስተዳዳሪም ግማሹን ሰርዞታል።

15ኛ መልስ፦ ስድቡን ያበረደው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። እናቷ አሥር ጊዜ ጨረር ከወሰዱ በኋላ ለወራት ያሠቃያቸው መድማት ቆመ፤ ጠረኑም ጠፋ። ድኛለሁ ብለው ስላመኑ ቀሪውን ትተው ለአርባ ቀን ጠበል ገቡ። የመድማቱ መቆም ጨረሩ መሥራት መጀመሩን እንጂ መጨረሱን እንደማያመለክት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሲመለሱ መድማቱም ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደረገላቸው ሁሉ ለማስታገስ ነው። ልጅቱ ጠበሉን አልወቀሰችም። የወቀሰችው በሦስተኛው ሳምንት መድማት ሊቆም እንደሚችልና ያን ጊዜ ማቋረጥ አደገኛ እንደሆነ አስቀድሞ ያልነገራቸውን ሰው ሁሉ፣ ራሷንም ጨምሮ ነው። እኅቴም በሁለተኛው ሳምንት መድማቷ ቆሞ ከእንግዲህ አገሬ ልግባ ብላኝ ስለነበር ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት።

16ኛ መልስ፦ ዲያቆኑ በትሕትና ተመለሰ። ሕክምናን ማቋረጥ እንዳላሰበ፣ ጠበሉን ጠዋት ጠጥቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንደሚቻል፣ በሕመም ላይ ያለ ሰው ከጾም የሚያርፍበትን ሥርዓት የንስሐ አባቷ እንደሚያውቁት ጻፈ። እኅቴ አሁን የምታደርገው ይህንኑ ነው። የንስሐ አባቷ በስልክ ፈቅደውላት እንቁላልና ወተት ትወስዳለች፤ ክብደቷም መውረዱን አቁሟል።

17ኛ መልስ፦ አንድ ጠቅላላ ሐኪም የደም ማነስን ጉዳይ አነሣ። ጨረር በሴሉ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የማይጠገን የሚያደርገው ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅን ያጣ የካንሰር ሴልን ለመግደል ከሁለት እጥፍ በላይ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በመድማት ብዛት ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) የወረደ ሴት፣ ጨረሩ በሰዓቱ ቢሰጣትም ጥቅሙ ይቀንስባታል። ብዙ የሕክምና ክፍሎች ከ10 በታች እንዳይወርድ ደም ይሰጣሉ። የእኅቴ 9.1 ነበር። ያን ሳምንት የባለቤቴ ወንድምና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደም ለገሱ፤ ሁለት ከረጢት ተሰጣት።

18ኛ መልስ፦ ይህ በአገሪቱ ላይ የተጻፈ ምሬት ነው። የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ በኋላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ መላው አገር የነበረው ያ አንድ ማዕከል ብቻ እንደነበር፣ ጅማና ሐረር የመሳሰሉት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት መሆኑን አስታውሶ፣ ወረፋ ሲጠብቁ ደረጃቸው ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት የተሻገረባቸውን እናቶች ማን ቆጠራቸው ሲል ጠየቀ። የሚጣላው ሰው አጣሁበት፤ ለሱ የሚሆን መልስም የለኝም።

19ኛና 20ኛ መልስ፦ ከዚያ ወደ ክትባቱ ተሻገሩ። ኢትዮጵያ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለውን የኤችፒቪ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። አንዲት እናት መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ሰምተው ልጃቸውን ከልክለው እንደነበር በግልጽ ጻፉ፤ የተከታዩዋ መላሽ ምላሽ ቁጡ ቢሆንም ወሬው መሠረት እንደሌለው በሚገባ አስረዳች። የእኅቴ ትንሿ ልጅ ዘንድሮ 14 ሞላት።

21ኛ መልስ፦ ፊዚሲስቷ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰች። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን አይታ ስሌቱን በቁጥር አሳየችኝ። ከውጭ የሚሰጠው በየቀኑ 2 ግሬይ፣ 25 ጊዜ ሲባዛ 50 ነው። የውስጡ 8 ግሬይ፣ 3 ጊዜ ሲባዛ 24 ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ በካንሰሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በ2 በ2 ከሚሰጥ 12 ግሬይ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ሦስቱ 36 ይሆናሉ። ድምሩ 86፤ የሚፈለገው ደግሞ 85ና ከዚያ በላይ ነው። ከውጭ ብቻ 86 መስጠት አይቻልም፣ አንጀትና ፊኛ አይችሉትም። የውስጡ ምንጭ ግን ካንሰሩ መሀል ገብቶ ስለሚቀመጥ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ፊኛውን የሚያተርፈው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአውሮፓ ሐኪሞች ጥናት ደግሞ ሕክምናው በአንድ ሳምንት መጓተቱ 5 ግሬይ እንደ ማጣት እንደሚቆጠር አስልቷል። እንግዲህ 78 ቀን ማለት ከ56ቱ በሦስት ሳምንት ማለፍ ነው፦ 15 ግሬይ። ከ86 ላይ ቀንሱት። የሚጎድል ነገር የለም የተባልነው ነገር ዋጋው ይህ ነበር።

22ኛ መልስ፦ ከሕክምናው ከወጣች ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ናት፤ ማንም ያላነሣውን አነሣች። ከጨረሩ በኋላ ብልት እየጠበበ ሊጣበቅ እንደሚችል፣ ይህም ለትዳር ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ በየጊዜው ለሚያደርገው ምርመራም እንቅፋት እንደሚሆን፣ ሕክምናው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ጀምሮ በማስፊያ መከላከል እንደሚቻል በግልጽ ጻፈች። ለእሷ ይህ የተነገራት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ዘግይቶ ነበር። የወር አበባ እንደሚቋረጥና የሰውነት ትኩሳቱ እንደሚያስቸግርም ባሏ ጭምር ቀድሞ ማወቅ እንዳለበት አሳሰበች። እኔ ለእኅቴ ይህን አፍ አውጥቼ መናገር አፍሬ ስልኬን ሰጠኋት። ብቻዋን መኝታ ቤት ገብታ አነበበችው፤ ስትወጣ ለነርሷ የምትጠይቀውን ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ነበር።

23ኛ መልስ፦ አንድ ሰው ለምን ኬሞ ቀድሞ እንዳልተሰጣት በወቀሳ ቃና ጠየቀኝ። የጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውን ኢንተርሌስ ጥናት ነው፤ ከጨረሩ በፊት ለስድስት ሳምንት ቀለል ያለ ኬሞ ሲሰጥ በአምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 80፣ ወዲያው ጨረር የጀመሩት 72 በመቶ ናቸው። ጠቅላላ ሐኪሙ ጨረር ከተጀመረ በኋላ ይህ የማይሠራ መሆኑን በአጭሩ መለሰለት። ጥያቄው ገና ላልጀመሩት ግን የሚረባ ነውና ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

24ኛ መልስ፦ የመጀመሪያዋ መላሽ፣ እናትየው፣ እኅቴ ከምን እንደደረሰች ጠየቁኝ። እንዲህ ነው። ሪፈሩን ይዘን በሌላ ከተማ በ31ኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ጨረሩ እንደገና ተጀመረ። አዲሱ ሆስፒታል በአዲስ ሲቲ መስመሩን እንደ አዲስ ሰመረው፤ በዚህ ጊዜ ዳሌዋ ላይ ሦስት የመርፌ ነጥብ ያህል ንቅሳት አደረጉላትና አሁን ገላዋን እንደ ሰው ትታጠባለች። ሁለት ቅዳሜ ሠሩልን፤ 25ኛው በ43ኛው ቀን አለቀ። የመጀመሪያው የውስጥ ጨረር በ46ኛው ቀን ተሰጣት። እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ በሩ ሲዘጋና ቀይ መብራቱ ሲበራ አየሁ። እሷ እንደነገረችኝ ማስገቢያውንና ጨርቁን ሲያስተካክሉ ጭንቅ ነበር፤ ጨረሩ ሲሰጥ ግን ከማሽኑ ቀጭ ቀጭ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማትም፤ ያን ጊዜም የልጆቿን ስም በተራ እየጠራች አሳለፈችው።

ሁለተኛው ትናንት፣ ሰኞ፣ ተሰጠ። ዛሬ 51ኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ዓርብ ነው፣ 54ኛው። ደብተሬ ላይ ከዓርብ በታች ሁለት መስመር ይተርፋል።